እንኳን ወደ ቨርጂኒያ መጣሽ

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ
ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ጓደኛዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ልጆችሽስ እንዴት ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ስንት ዘመን ተጠፋፋን! ቬጋስ ከሄድሽ በኋላ መጀመሪያ በየሳምንቱ፣ ኋላ በየበዓሉ እየተደዋወልን ቆየን፤ ከዚያ ጭራሽ ዝም ተባባልን። ባለፈው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ አንዲት የምታውቅሽ ሴት “ዉድብሪጅ ገብታለች እኮ፤ ዜግነቷንም ወስዳለች” ስትለኝ እልል ማለት ነው የቀረኝ። እንኳን ደስ ያለሽ እህቴ! እንኳንም መጣሽልኝ!

የግል ወሬያችንን ስንገናኝ እንጫወተዋለን። ይህን ግን በጽሑፍ ልልክልሽ የፈለግኩት ቁጥሮች ስላሉበት ነው። ረጋ ብለሽ አንብቢው። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ የምትሰጪበት ምርጫ ደርሷል፤ ጥቅምት 25፣ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 4 ነው።

ሰፈሩ ሁሉ የሚያወራው ስለ አገረ ገዥዋ ነው። አቢጌል ስፓንበርገርም አሸነፈች ዊንሰም ኧርል-ሲርስ፣ ቨርጂኒያ ለመጀመሪያ ጊዜ ሴት አገረ ገዥ ታገኛለች። ጥሩ ነው። እኔ የምለምንሽ ግን በድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ ዝቅ ብሎ ያለውን ስምም ልብ እንድትይው ነው። የስቴቱ ምክር ቤት ተወካይ ማለቴ ነው። ዘንድሮ የታችኛው ምክር ቤት 100ውም መቀመጫ ለምርጫ ቀርቧል። ሥራው የትርፍ ጊዜ ይመስላል፤ ደመወዙ በዓመት 17,640 ዶላር ብቻ ነው። ሥልጣኑ ግን ሰፊ ነው። ጥር ላይ የስቴቱ ዋና ከተማ ሪችመንድ ተሰብስበው በ60 ቀን ውስጥ የሁለት ዓመት በጀት ያጸድቃሉ። የቨርጂኒያ አገረ ገዥ ሁለት ተከታታይ ዘመን ማገልገል አይችልም። ስለዚህ ረቂቁን አሁን ያሉት አገረ ገዥ ግሌን ያንግኪን ዲሴምበር ላይ አቅርበው ይሄዳሉ፤ አዲሷ ሴት ሌላው ያዘጋጀው በጀት ላይ ትደርሳለች። በዚህ መሃል ገንዘቡን የሚያሸጋሽጉት እነዚህ ተወካዮች ናቸው።

ደግሞ እዚህ ከተማና ካውንቲ ስቴቱ ያልፈቀደለትን ነገር በራሱ ማድረግ አይችልም። አሌክሳንድሪያ ተነስታ “ዝቅተኛውን የሰዓት ክፍያ ላሳድግ” ብትል አትችልም። ሕዝባችን የከተማውን ከንቲባ ይወቅሳል፤ ፕሬዝዳንቱን ይወቅሳል። ሪችመንድን የሚጠይቅ ግን ብዙ አላየሁም። ይህ ነገር በጣም ያሳስበኛል።

በቅርቡ የወረዳችን ዕጩ ሐበሻ ወደተሰበሰበበት አዳራሽ መጥተው ነበር። ፓርቲያቸውን አልነግርሽም፤ ያንቺ ወረዳ ሌላ ስለሆነ ጥያቄው ነው የሚጠቅምሽ። ሦስት ነገር ቃል ገቡ። የመኪና ታክስን አጠፋለሁ፣ ጥሩ ደመወዝ ያለው ሥራ አመጣለሁ፣ ትምህርት ቤቶች የሚገባቸውን ገንዘብ እንዲያገኙ አደርጋለሁ አሉ። የመኪናውን ሲናገሩ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሰው ሾፌር ነው፤ እንዴት አያጨበጭብ?

አንቺ ከኔቫዳ ስለመጣሽ መጀመሪያ የሚያስደነግጥሽ ታክሱ ነው። እዚያ የስቴት የገቢ ታክስ የለም። እዚህ አለ፤ ታክስ ከሚከፈልበት ገቢሽ ከ17,000 ዶላር በላይ ያለው በሙሉ 5.75 በመቶ ይቆረጥበታል። ከዚያ በላይ ሌላ እርከን የለም። ሰሃን አጣቢዋም ሚሊየነሩም ከዚያ መስመር በላይ መቶኛቸው አንድ ነው። በዚህ ላይ የመኪናው ይመጣል። መኪናሽ ገበያ ላይ በሚያወጣው ዋጋ ልክ በየዓመቱ ትከፍያለሽ። የእኛ ቤት እንጀራ የሚጋገረው ከመኪና ነው። ባለቤቴ አሁንም ኡበር ይሠራል። ሂሳቡ በመጣ ቁጥር የኪራይ ያህል ያስጨንቀናል።

ሆኖም ይህ ታክስ የሚገባው ለስቴቱ ሳይሆን ለከተማው ወይም ለካውንቲው ነው። ተወካዩ የሚያጠፉት የራሳቸውን ገቢ አይደለም፤ የሌላ ሰው ኪስ ነው። ጂም ጊልሞር የሚባሉ ሰው በ1997 (እዚህ የምጽፍልሽ ዓመቶች ሁሉ የፈረንጆቹ ናቸው) “የመኪና ታክስ ይቅር” ብለው ተወዳድረው አገረ ገዥ ሆነዋል። ያኔ ስቴቱ ለከተሞች ልተካ ብሎ ጀመረ፤ ወጪው እየናረ ሄደና በዓመት 950 ሚሊዮን ዶላር ላይ ቆመ። ከ2006 ጀምሮ ያው ነው፤ አልተነቃነቀም። የመኪና ዋጋ ግን ጨመረ። ስለዚህ የስቴቱ ድርሻ በየዓመቱ እያነሰ፣ የእኛ እየበዛ መጣ። ቀሪውንም አጠፋለሁ የሚል ዕጩ ሲመጣ መጠየቅ ያለበት አንድ ነገር ነው፤ ለከተማው ማን ይተካል? ካልተካ ከተማው የቤት ታክስ ይጨምራል፤ አከራዩ ደግሞ እኛ ላይ ይጨምራል። ወይም ትምህርት ቤቱ ይጎድላል።

እኔ እጄን አውጥቼ ጠየቅኳቸው። “ኢኮኖሚው ሲያድግ ገቢው ይመጣል” አሉኝ። ይህ መልስ አላረካኝም። ቨርጂኒያ በሕግ ከገቢዋ በላይ በጀት ማውጣት አትችልም። ያልመጣ ገንዘብ ይዞ ቃል መግባት ሰው ላይ መጫወት ነው። ሰሞኑን ስቴቱ ለባልና ሚስት እስከ 400 ዶላር ተመላሽ እየላከ ነው። ለጊዜው ይጠቅማል፤ ግን አንዴ ተበልቶ የሚያልቅ ነው። የመኪና ታክስ በየዓመቱ ይመጣል።

አሁን ስለ ሥራ ልንገርሽ። የቨርጂኒያ ዝቅተኛ ክፍያ በሰዓት 12.41 ዶላር ነው፤ ከጃንዋሪ ጀምሮ 12.77 ይሆናል። ድልድዩን ተሻግረሽ ዲሲ ስትገቢ 17.95 ነው። ሜሪላንድ 15 ነው። ያው ሥራ፣ ያው ድካም፣ ወንዝ ብቻ ነው የሚለየው። ምክር ቤቱ ወደ 15 ዶላር የሚያደርስ ሕግ በ2024ም በ2025ም አጽድቆ ልኮ ነበር፤ አገረ ገዥው ሁለቴም በቪቶ መለሱት። ዕጩው እደግፈዋለሁ አሉ። ጥሩ። እኔም እደግፈዋለሁ፤ በሁለት ሥራ የሚባክኑ እናቶችን በየቀኑ ስለማይ።

በዚህ ላይ የፌደራል መንግሥቱ ሥራ ከኦክቶበር 1 ጀምሮ ተቋርጧል። ሰሜን ቨርጂኒያ ደግሞ የሚኖረው በፌደራል ደመወዝ ነው። መሥሪያ ቤቱ ሲዘጋ ቢሮ የሚያጸዳው፣ ምሳ የሚሸጠው፣ ታክሲ የሚነዳው ወገናችን አብሮ ሥራ ያጣል። ዕጩው “በፌደራል ሥራ ላይ ብቻ መንጠልጠል የለብንም” ማለታቸው ትክክል ነው። ከዚያ ግን ምሳሌ ብለው ያነሱት ዳታ ሴንተር፣ ማለት የኢንተርኔት መረጃ የሚያከማቹ ኮምፒውተሮች የሚቀመጡበትን ሕንፃ ነው። እዚህ ላይ አልተስማማንም።

አንቺ ያለሽበት ፕሪንስ ዊልያም ካውንቲ የዚህ ጉዳይ መሃል ነው። እነዚያን መስኮት የሌላቸው ግዙፍ ሕንፃዎች ታያቸዋለሽ። ስቴቱ ለውስጥ ዕቃቸው የሽያጭ ታክስ አያስከፍላቸውም። የምክር ቤቱ የራሱ አጥኚ ክፍል ጄላርክ ይባላል። ባለፈው ዓመት መጨረሻ ባወጣው ጥናት መሠረት በ2023 የበጀት ዓመት ብቻ የተተወላቸው 928 ሚሊዮን ዶላር ነው። ይህን ቁጥር ከላይ ከጻፍኩልሽ 950 ሚሊዮን ጋር አስተያዪው። ለሕዝቡ መኪና በሙሉ የሚተካውን ያህል ማለት ይቻላል፣ ለእነዚህ ኩባንያዎች ተትቷል። ሥራስ ፈጠሩ? ሲገነቡ አዎ፤ አንዱ ትልቅ ሕንፃ ግንባታው ሲጦፍ እስከ 1,500 ሠራተኛ ይይዛል። ሲያልቅ ግን 50 ያህል ሰው ነው የሚቀረው። ላውደን ካውንቲ ከእነሱ በሚሰበስበው ታክስ ብዙ እንደተጠቀመ አልክድም። ግን “ሥራ አመጣለሁ” ብሎ የሚያቀርብልሽ ይህንን ከሆነ፣ ለስንት ሰው ነው ብለሽ ጠይቂ።

አንድ ያላነሱት ነገር አለ፤ በጣም ቅር ብሎኛል። ልጆች መጠበቅ። የስንቱ ሐበሻ እናት ሥራ እኮ ነው! አንቺም የቤት ዴይኬር ልትከፍቺ እንዳሰብሽ ሰምቻለሁ። አምስትና ከዚያ በላይ የሌላ ሰው ልጆች ለመያዝ ከስቴቱ ፈቃድ ያስፈልግሻል። የወላጆቹንም ክፍያ የሚደጉመው ስቴቱ ነው፤ ወረፋ የሚጠብቁ ቤተሰቦች ግን አሉ። ድጎማው ሲሰፋ እናቲቱ ሥራ ትገባለች፤ ጠባቂዋም ደመወዝ ታገኛለች፤ ልጁም ተዘጋጅቶ ትምህርት ቤት ይገባል። ሥራም ትምህርትም እዚህ ላይ ይገናኛሉ። ዕጩዎችሽን ስታገኚ ይህን ሳትጠይቂ እንዳትመለሺ።

ትምህርት ቤት ላይ ትንሽ ታገሺኝ፤ እኔ አሁን የምሠራው እዚያ ነው፤ የክፍል ረዳት ነኝ። አማርኛ እኛ ጋ በብዛት ከሚነገሩት የተማሪ ቤት ቋንቋዎች አንዱ ነው። ጠዋት ጠዋት “እንደምን አደርሽ ቲቸር” የሚሉኝ ልጆች አሉ። ቨርጂኒያ ሀብታም ስቴት ናት። ያው ጄላርክ በ2023 ሲያጠና ግን ትምህርት ቤቶቿ ለአንድ ተማሪ የሚያገኙት ከአገሪቱ አማካይ በ1,900 ዶላር ገደማ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። የሌላው ስቴት አማካይ ከእኛ 14 በመቶ ይበልጣል።

አንዱ ምክንያት ስሌቱ ነው። ስቴቱ እያንዳንዱ ከተማ ምን ያህል መክፈል ይችላል ብሎ ይመዝናል። ግማሹ ክብደት የተሰጠው ለቤትና ለመሬት ዋጋ ነው፤ 40 በመቶው ለነዋሪው ገቢ፣ 10 በመቶው ለሽያጭ። በዚህ ሚዛን አሌክሳንድሪያ ከላይኛው ጣሪያ ላይ ናት። ስቴቱ ከሚያስቀምጠው መሠረታዊ ወጪ 80 በመቶውን ራሷ ትሸፍናለች። ወንዙ ዳር ያሉት ቤቶች ሚሊዮን ያወጣሉ፤ እውነት ነው። ክፍሌ ውስጥ የሚቀመጡት ልጆች ግን የእነዚያ ቤቶች ልጆች አይደሉም። እናታቸው ሆቴል አልጋ የምታነጥፍ፣ አባታቸው አየር ማረፊያ ሌሊት የሚያድር፣ ባለ አንድ መኝታ ቤት ውስጥ አምስት ሆነው የሚኖሩ ናቸው። ሚዛኑ እነሱን አያይም። ለእኔ ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

ሌላው ደግሞ በ2009 ኢኮኖሚው ሲወድቅ ያስቀመጡት ገደብ ነው። ስቴቱ ከአስተማሪ ውጭ ላሉ ሠራተኞች፣ ለጽዳቱ፣ ለጥገናው፣ ለቢሮው የሚከፍለውን ገደበ። ለክፉ ቀን የወጣ ሕግ ክፉው ቀን ካለፈ በኋላም ቀረ። ዘንድሮ ገንዘብ ጨምረው ላላ አድርገውታል፤ ሙሉ በሙሉ ግን አልተነሳም። የሚገርምሽ፣ ዕጩው ይህን ገደብ በስሙ ጠርተው “ይነሳ” አሉ። ሌላው ሁሉ “ለትምህርት ቅድሚያ እሰጣለሁ” ብሎ ሲያልፍ፣ እሳቸው የትኛው ሕግ፣ የትኛው መስመር እንደሆነ ያውቃሉ። ድምፄን የምሰጣቸው በዚህ ምክንያት ነው። በመኪናው ጉዳይ አላሳመኑኝም፤ በዳታ ሴንተሩም እንደዚሁ። ከተመረጡ ጥር ላይ ቢሯቸው እደውላለሁ፤ ደብዳቤም እጽፋለሁ። የሠፈሬን ሴቶችም እያስተባበርኩ ነው፤ አንቺም ከጎኔ ብትሆኚ እንዴት ደስ ባለኝ!

ምዝገባው እስከ አርብ ጥቅምት 14፣ ኦክቶበር 24 ነው። ካለፈሽም አትተዪው፤ ድምፅ መስጫው ቦታ ሄደሽ እዚያው ተመዝግበሽ መምረጥ ይቻላል፤ ወረቀትሽ ተጣርቶ ይቆጠራል። መንጃ ፈቃድሽን ያዢ። ማክሰኞ ሥራ ከሆንሽ እስከ ቅዳሜ ኖቬምበር 1 ቀደም ብሎ መምረጥ አለ፤ መስመሩም አጭር ነው።

ስልኬ ያው የድሮው ነው። በሚመጣው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤት ነኝ፤ ልጆቹን ይዘሽ ነይ። ደጃፍሽ ላይ የጣሉልሽን የዕጩዎች ወረቀቶች አትጣያቸው፤ ይዘሻቸው ነይና አብረን እናያቸዋለን። ለባለቤትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ልጆቹን ሳሚልኝ።

የምትናፍቅሽ ጓደኛሽ