ፎርሙን አትተዪው

ውድ እህት ዓለም፣

እንደምን አለሽ? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? ድምፅሽን ከሰማሁ ስንት ጊዜ ሆነኝ! እኔና አንቺ እንዲህ ተጠፋፍተን የምንቀር ሰዎች አልነበርንም። ናፍቆቱን ስንገናኝ እንወጣዋለን። ዛሬ የምጽፍልሽ ሰሞኑን ከወንድምሽ የሰማሁት ነገር ስላስጨነቀኝ ነው።

ልጅሽ የግል ትምህርት ቤቱን ፈተና አልፋ ቦታ ማግኘቷን ሲነግረኝ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ቀጥሎ ግን የክፍያ ድጋፍ ለመጠየቅ የጀመርሽውን ፎርም መሃል ላይ እንደተውሽው አጫወተኝ። «ገመናዬን አንድ ሳያስቀሩ ጠየቁኝ፤ የፈታሁትን ሰውዬ ደመወዝ ሳይቀር» ብለሽዋል አሉ። እባክሽ አትተዪው። ለምን እንደዚያ እንደሚጠይቁ ልንገርሽና ከዚያ በኋላ ራስሽ ወስኚ።

እንደምታውቂው እንጀራዬ ሒሳብ ነው። ከተጠፋፋን ወዲህ በአንድ የግል ትምህርት ቤት የድጋፍ ኮሚቴ ውስጥ ገብቼ የወላጆችን ማመልከቻ ስመረምር ቆይቻለሁ። ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ያለው ምን እንደሚመስል አይቻለሁ ማለት ነው። ኮሚቴው የሚፈልገው ድህነትሽን እንድታስመሰክሪ አይደለም። ጥያቄው «ይህ ቤተሰብ ከገቢውና ከንብረቱ ለትምህርት ምን ያህል ማዋል ይችላል?» የሚል ነው። ያ መጠን ከዓመቱ ክፍያ ላይ ሲቀነስ የሚቀረው «ድጋፍ ያስፈልገዋል» የሚባለው ነው። ለዚህም ነው መካከለኛ ገቢ ያላቸው፣ ግን ሦስት ልጅ የሚያስተምሩ ወላጆች ድጋፍ የሚያገኙት። ገንዘቡ አብዛኛውን ጊዜ ከትምህርት ቤቱ በጀትና ከለጋሾች የሚመጣ ስለሆነ ለሁሉም አይዳረስም። ለአንዱ የተሰጠው ከሌላው የተነፈገ ነውና አጥብቀው ይጠይቃሉ።

ነገሩ ደግሞ ዛሬ የመጣ አይደለም። በ1552 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ የተመሠረተው ክራይስትስ ሆስፒታል የተባለው ትምህርት ቤት እስከ ዛሬ ብዙዎቹን ተማሪዎች የሚያስከፍለው በወላጆቻቸው ገቢ ልክ ነው። አሜሪካ ውስጥ ፊሊፕስ ኤክሰተር አካዳሚ የተባለው የግል ትምህርት ቤት በ2007 እ.ኤ.አ. ዓመታዊ ገቢያቸው 75,000 ዶላርና ከዚያ በታች የሆኑ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን በነጻ እንዲያስተምሩ መወሰኑን አስታውቋል። እንዲህ ያለ የገቢ ገደብ በይፋ መናገር ጥሩ አሠራር ነው እላለሁ፤ ሰው «እኔማ አይደርሰኝም» ብሎ ሳይሞክር እንዳይቀር ያደርጋል።

አሜሪካ ውስጥ ብዙ ትምህርት ቤቶች ስሌቱን ራሳቸው አይሠሩትም። ወላጅ የግብር ማስታወቂያውንና የደመወዝ ማስረጃውን አያይዞ ፎርሙን እንደ ፋክትስና ክላሪቲ ላሉ ድርጅቶች ይልካል፤ እነርሱ አስልተው ግምት ይሰጣሉ፣ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ግን ትምህርት ቤቱ ነው። በብሪታንያ ደግሞ የትምህርት ቤቱ የገንዘብ ኃላፊ ወይም የተቀጠረ ገምጋሚ ቤት ድረስ መጥቶ የሚያይበት አሠራር አለ። ይህን የቤት ጉብኝት እኔ አልወደውም። ሶፋና ቴሌቪዥን አይቶ የሰውን አቅም መገመት ለስህተት የተመቸ ነው። ሶፋው የተሰጠ ሊሆን ይችላል፤ ባዶ ሳሎን ያለው ሰውም የባንክ ሒሳቡ ሙሉ ሊሆን ይችላል። አንቺ ጋ የሚመጣ ሰው ካለ ግን ቤትሽን አታስተካክይለት፣ አታጎሳቁይለትም። እንዳለ ይየው።

ወደ ዋናው ልምጣ፤ የልጅቷ አባት። አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች «ልጅን ማስተማር በመጀመሪያ የወላጆች ግዴታ ነው፤ ፍቺ ይህን አያስቀረውም» ብለው ስለሚያምኑ የሁለቱንም ገቢ ይጠይቃሉ። በፍርድ ቤት «ክፍያውን እናት ትሸፍናለች» የሚል ስምምነት ቢኖራችሁ እንኳ ትምህርት ቤቱ አይገደድበትም፤ ስምምነቱ በእናንተ በሁለታችሁ መካከል ነው። ይህ እንደሚያናድድ አውቃለሁ። ግን መውጫ አለው። አባትየው የት እንዳለ የማይታወቅ ከሆነ፣ ወይም ለዓመታት ምንም ሳይሰጥ የኖረ ከሆነ፣ የእርሱ መረጃ እንዲታለፍልሽ መጠየቅ ትችያለሽ። ለዚህ የአንቺ ቃል ብቻ አይበቃም። ነገሩን በቅርብ የሚያውቅ ከቤተሰብ ውጭ የሆነ ሰው፣ ለምሳሌ ጠበቃ ወይም የሃይማኖት አባት ወይም የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ፣ አንድ ገጽ ይጻፍልሽ። የፍቺ ውሳኔውን ቅጂም አያይዢ። ትርፍ ነገር አትጻፊ። ያደረገብሽን በደል መዘርዘር አያስፈልግም፤ መቼ እንደተለያችሁ፣ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደረዳ፣ አሁን ግንኙነት እንዳላችሁና እንደሌላችሁ ብቻ።

ሁለተኛው የሚያሳስበኝ የራስሽ ሥራ ያለሽ መሆንሽ ነው። ደሞዝተኛ ወረቀቱ አጭርና ግልጽ ነው። የራሱ ሥራ ያለው ሰው ግን ወጪውን ሁሉ ቀንሶ በግብር ማስታወቂያው ላይ የሚቀረው ትርፍ ትንሽ ይሆናል፤ ገምጋሚዎች ደግሞ አንዳንዱን ተቀናሽ መልሰው ይደምሩታል። ለምሳሌ የማሽን የእርጅና ቅናሽ ግብር ይቀንስልሻል እንጂ በዚያ ዓመት ከኪስሽ የወጣ ገንዘብ ስላልሆነ እንደ ገቢ ሊቆጥሩብሽ ይችላሉ። በቤትሽ የምትሠሪ ከሆነም ከቤት ኪራዩ በሥራ ስም የተቀነሰው ይመለሳል። ይህን አስቀድመሽ ብታውቂ አትደነግጪም። እውነተኛው የወር ገቢሽ ስንት እንደሆነ፣ ሥራ የሚቀዘቅዝባቸው ወራት የትኞቹ እንደሆኑ በአንድ ወረቀት አስፍሪላቸው።

አንድ ጉዳይ ላጫውትሽ። ስሙ የተሸፈነ ፋይል ጠረጴዛችን ላይ ቀረበ። እናቲቱ ያስመዘገበችው የዓመት ገቢ ከቤት ኪራይዋ ያንሳል። ከኮሚቴው አንዱ «ይህችማ የደበቀችው አለ» አለ፤ ሌላዋም ራሷን ነቀነቀች። ወረቀቱን ብቻ ላየ ሰው እውነትም ሌላ ነገር አይታይም። እኔ ሳይደወልላት ማለፍ የለብንም ብዬ ተሟገትኩ። ሲደወል ኪራዩን የሚከፍለው ወንድሟ ነው። የወንድሟን ገንዘብ እንደ ራሷ ገቢ መጻፍ አሳፍሯት ነው የተወችው። አንድ መስመር ብትጨምር ኖሮ ያ ሁሉ ጥርጣሬ ባልመጣ። ከሌላ ሰው የምታገኚው ካለ ጻፊው፤ ስጦታም ይሁን ብድር ግለጪው። በገቢና በወጪ መካከል ያልተገለጸ ክፍተት ነው ፋይልን የሚያስጠረጥረው።

የተገላቢጦሹም አለ፤ እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ፎርሙ የተሠራው ገቢው ለራሱና ለልጆቹ ብቻ ለሚውል ቤተሰብ ነው። አንቺ እናትሽን ትጦሪያለሽ፣ የሟች እህትሽን ልጅ ታሳድጊያለሽ። በስሌቱ ላይ ይህ «በፈቃድ የተደረገ ወጪ» ተብሎ ሊታለፍ ይችላል፤ ለመኪና ማስዋቢያ ከወጣ ገንዘብ ጋር እኩል! ፍትሐዊ አይደለም፤ በስብሰባ ላይም ደጋግሜ ተናግሬዋለሁ። ኮሚቴ ግን በራሱ አስተያየት ከስሌቱ የመውጣት ሥልጣን አለው፤ በዚያ የሚጠቀመው ግን ማስረጃ ሲያይ ነው። ስለዚህ በየወሩ የምትልኪበትን ደረሰኝ አያይዢ፣ ልጁ አብሮሽ የሚኖር ከሆነ ይህን የሚያሳይ ወረቀት ጨምሪ። ፎርሙ ላይ ቦታ ከሌለው በደብዳቤ ይሁን። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ውሳኔ ሲያስቀይር አይቻለሁ።

ከመፈረምሽ በፊት ደግሞ ደውለሽ ጠይቂያቸው፤ ድጋፉ የሚሸፍነው የትምህርቱን ክፍያ ብቻ ነው ወይስ መጽሐፍን፣ ዩኒፎርምን፣ ትራንስፖርትንና ጉዞንም? በየዓመቱ እንደ አዲስ ይገመገማል (ብዙ ቦታ እንደዚያ ነው)፤ ታዲያ ክፍያው ሲጨምር ድጋፉም ይጨምራል? የሰጡሽ መጠን ካልበቃሽ «እግዜር ይስጥልኝ» ብለሽ ዝም አትበዪ። ሁለት ዓመት አስተምረሽ ልጅቷን ከማውጣት ዛሬ «አልበቃኝም» ማለት ይሻላል። ይግባኝ ስትዪ አዲስ ነገር አቅርቢ፤ ሥራ መቀነሱን፣ ሕክምና፣ ፎርሙ ያላየውን ዕዳ። ማስረጃ የሌለው ልመና ኮሚቴውን ያሳዝነዋል እንጂ ስሌቱን አያንቀሳቅስም።

ልጅቷ ታፍራለች ብለሽ ከሆነ፣ በደንብ በሚተዳደር ትምህርት ቤት ማን ድጋፍ እንደሚያገኝ መምህራን እንኳ አያውቁም። ፋይሉ ከኮሚቴውና ከገንዘብ ክፍሉ አይወጣም። ስለ አያያዙ በግልጽ ጠይቂ፣ መልሱን በጽሑፍ ተቀበዪ። ከሁሉ በላይ ቁጥር አትለውጪ። የሐሰት ሰነድ ሲገኝ ድጋፉ ይሰረዛል፣ የተሰጠውን መልሺ ይባላል፤ ያኔ ማንም አይሟገትልሽም።

ቀነ ገደቡ መቼ እንደሆነ ከወንድምሽ አላወቅኩም። ካላለፈ ባለሽበት ቀጥዪ፣ በጎደለው ወረቀት ቦታ «በኋላ ይላካል» ብለሽ ጻፊና ፎርሙን በጊዜው አስገቢው፤ ዘግይቶ የሚመጣ ማመልከቻ የሚደርሰው የተረፈው ነው። ካለፈም ወደ ቢሮው ደውዪ፤ በቀሪ ገንዘብ ወይም በተጠባባቂነት ሊይዙሽ ይችሉ እንደሆነ ጠይቂ። የሞላሽውን ያህል፣ የግብር ወረቀትሽንና ለእናትሽ የላክሽበትን ደረሰኝ ላኪልኝ፤ የማብራሪያ ደብዳቤውን አብረን እንጻፈው። ማታ ማታ ከሥራ ስመለስ ነጻ ነኝ፣ ስልኬም አልተቀየረም።

እስክንገናኝ ደህና ሁኚልኝ። እማማን ጉልበታቸውን ስሚልኝ።

የዱሮዋ ጓደኛሽ