ይድረስ ለወረዳችን ዋና ሥራ አስፈጻሚ፦ ሱዚ ከወንበር ጋር

ክቡር ሥራ አስፈጻሚ፣

ስለ ልጆቻችን መጫወቻ ሜዳ የጻፍኩት ማመልከቻ ጠረጴዛዎ ላይ አለ። መዝገብ ቤት ማኅተም መትተው ሲቀበሉኝ በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ «አልደረሰኝም» እንዳይሉኝ። መልስ ስላጣሁ ነው አሁን ሰው ሁሉ እየሰማ የምጽፍልዎት።

ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የተወለደችው ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ነው። በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ሲፈርስ ከከተማው ዳር ወዳለው ወደዚህ ሳይት መጣን። አብራት ያደገችው ጓደኛዋ ገላን ጉራ ገባች፣ ሌላዋ አራብሳ። ስለ ቤቱ አልሟገትዎትም። ውሃው ሲፈልግ ይመጣል እንጂ ቤቱስ ቤት ነው።

ሱዚ ያውቃሉ? እህት ካለዎት ያውቃሉ። ሁለት ልጆች ላስቲኩን በእግራቸው ወጥረው ይቆማሉ፣ አንዷ ትዘላለች። የእኔ ልጅ ላስቲኩን ሁለት ወንበር ላይ ወጥራ ሳሎን ውስጥ ብቻዋን ትዘላለች። ከታች ያሉት ጎረቤት ጣሪያቸው ሲደበደብባቸው በመጥረጊያ እንጨት ያንኳኳሉ። አልፈርድባቸውም።

ብሎካችን ልጅ አጥቶ አይደለም። በየበሩ ጫማቸውን አያለሁ። የሚተዋወቁበት ቦታ ነው የሌለው። ፕላኑ ላይ የልጆች መጫወቻ የተባለው ሜዳ በቆርቆሮ ታጥሮ የመኪና ማቆሚያ ሆኗል። ያውም በክፍያ። ባለፈው ክረምት ጥቂት ልጆች በቆርቆሮው ሥር ሾልከው ገቡ፤ የእኔዋም አለችበት። ያን ቀን ማታ የአንዷን ልጅ ነገር ሳትጨርስ የሌላዋን ትጀምርልኝ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ጥበቃው ኳሳቸውን በቢላ ቀደደው። «መኪና ብትመቱ ማን ሊከፍል ነው?» አላቸው። ከዚያ ወዲህ የእነዚያን ልጆች ስም አንስታ አታውቅም። አንድ ማታ ብቻ «እማዬ፣ እኔ ግን የየት ሰፈር ልጅ ነኝ?» አለችኝ። እስቲ እርስዎ ይመልሱላት።

ማኅበሩ «ወረዳው ነው» ሲለኝ፣ ወረዳው «ማኅበሩ ነው» ሲለኝ ከርሜ ነው እርስዎ ዘንድ የደረስኩት። እርስዎም ከስልክዎ ቀና ሳይሉ «ታብሌት ግዢላትና ትጫወት» አሉኝ። ለራስዎ ልጅም ምክርዎ ይኸው እንደሆነ ልጠይቅዎት ነበር። ጸሐፊዋ ቀጣዩን ባለጉዳይ ጠራች።

ሕጉን ከእኔ በላይ ያውቁታል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ላይ፣ የአስተዳደር አካላት ልጆችን የሚመለከት እርምጃ ሲወስዱ የሕፃናት ደኅንነት በቀደምትነት መታሰብ አለበት ይላል። ከመኪናም ቀድሞ ማለት ይመስለኛል። አገራችን የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት ደግሞ አንቀጽ 31 ላይ መጫወትን ራሱን መብት አድርጎታል። አዲስ አበባን ልጆችን ለማሳደግ ምርጧ የአፍሪካ ከተማ እናደርጋለን ሲባልም በቴሌቪዥን እንሰማለን። መሐል ከተማ የተሠሩትን መጫወቻዎች አይቻለሁ፤ ያምራሉ። ዳር ያሉት ልጆችስ የየትኛው ከተማ ልጆች ናቸው?

ቆርቆሮውን ያስነሱልን። ለመኪና አስፋልቱ ዳር ባዶ ቦታ ሞልቷል። አይሆንም ካሉም፣ ሜዳው በማን ፈቃድ እንደታጠረና የሚሰበሰበው ገንዘብ የት እንደሚገባ በጽሑፍ ይግለጹልን።

የሳይቱ ነዋሪ፣ የአንዲት ልጅ እናት