ኮሌጅ ለምትገባው ልጄ፣ ስለ ደሙ ጉዳይ

ሆዴ እንዴት ነሽ፣ በስልክ ብነግርሽ "እሺ አባዬ" ብለሽ ስለምትዘጊው ነው የምጽፍልሽ፣ አማርኛው ከከበደሽ ወንድምሽ ያንብብልሽ። ባለፈው ለሲክል ሴል በሽታሽ (ከወላጅ ለሚወረሰው የቀይ ደም ሴል ህመም) በየጊዜው የሚሰጥሽን ደም አንስተሽ "ዶርም ስገባ ደሙን ባቆመውስ፣ ደህና ነኝ እኮ" ያልሽው ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል።

ደህና መሆንሽ ልክ ነው፣ ግን ደህና የሆንሽው ደሙን ስለምትወስጂ ነው። ያንቺ ነገር እኮ ከህመም አልጀመረም፣ ኪንደርጋርተን እያለሽ ምንም ሳያምሽ ነው በአልትራሳውንድ የጭንቅላትሽ ደም ሲለካ ፍጥነቱ በሰከንድ ከ200 ሴንቲሜትር በላይ የሆነው። የደም ስሩ ሲጠብ ደሙ ይሮጣል፣ ያ ደግሞ ስትሮክ ሊመጣ ነው ማለት ነው አሉን። እኔ ስትሮክ የሽማግሌ በሽታ ነበር የሚመስለኝ!

ደሙ ለምን እንደሚሰጥ የታወቀው በነ ዶክተር ሮበርት አዳምስ ጥናት ነው፣ ሰውየው እዚሁ ጆርጂያ ኦገስታ ነበሩ፣ በ1998 ነው የታተመው። እንዳንቺ ፍጥነቱ ያለፈባቸውን 130 ልጆች ለሁለት ከፈሏቸው፣ ደም ከሚወስዱት 63 ልጆች ስትሮክ የመታው 1 ብቻ፣ ከሌሎቹ 67 ግን 11 ናቸው፣ ልዩነቱ ስለሰፋ ጥናቱን ከጊዜው በፊት አቆሙት። ማቆምስ የሚለው ያንቺ ጥያቄም ተጠንቷል። በ2005 የወጣው ላይ ለረጅም ጊዜ ደም ወስደው ፍጥነቱ የተስተካከለላቸው ልጆች ናቸው፣ ልክ እንዳንቺ ደህና የሆኑ። ካቆሙት 41 ልጆች የ14ቱ ፍጥነት ተመልሶ ወጣ፣ 2ቱን ስትሮክ መታቸው፣ ከቀጠሉት 38 አንድም የለም። እኔ ይሄን ካወቅኩ በኋላ ነው ቀጠሮ በዝናብም በበዓልም የማልዘለው።

እድሜ ልክሽን ደም ውሰጂ እያልኩሽ አይደለም። በ2016 የወጣ ጥናት አለ፣ የደም ስራቸው ክፉኛ ያልተጎዳ ልጆች ቀስ ተብሎ ሃይድሮክሲዩሪያ ወደሚባል ኪኒን ሲዞሩ ኪኒኑ ከደሙ ያላነሰ ጠብቋቸዋል። አንቺን እስካሁን ያልፈቀዱልሽ ኤምአርአይሽ ላይ የጠበበ ስር ስላለ ነው። አሁን ወደ አዋቂ ክፍል ስለምትዛወሪ እንደ አዲስ ጠይቂያቸው፣ በ2023 መጨረሻ ስለተፈቀደው የጂን ህክምናም ጠይቂ። ዝም ብሎ መቅረት ግን የለም፣ ሄሞግሎቢን ኤስ፣ ማለትም በሽታውን የሚያመጣው የደምሽ ክፍል፣ ከ30 ፐርሰንት በታች እንዲሆን ስንት አመት ተለፍቶበታል።

እና ያቺ ከደም የተጠራቀመውን አይረን የምታስወጣው ኪኒን። እንደምትዘያት አውቃለሁ፣ ጠርሙሱን ሳየው አይጎድልም። አንድ ከረጢት ደም ከ200 እስከ 250 ሚሊግራም አይረን ይዞ ይገባል፣ ሰውነት በቀን የሚያስወጣው ከ1 እስከ 2 ሚሊግራም ነው፣ የቀረው ጉበትና ልብ ላይ ይቀመጣል ደግሞ አያምም፣ ስለዚህ በስሜትሽ አትለኪው። በማሽን ደም መቀየር ከጀመርሽ ወዲህ ቀነሰ እንጂ የድሮው ገና አልወጣም።

አዲሱ ሆስፒታል መጀመሪያ ቀን አንቲቦዲ፣ ማለትም የማይመሳሰልሽን ደም የሚያጠቃ ነገር፣ ሰውነትሽ ውስጥ እንዳለ ንገሪያቸው፣ ደሙ በተለመደው የኤቢኦ አይነት ብቻ ሳይሆን ሲ፣ ኢ እና ኬል በሚባሉት የደም ምልክቶችም ይመሳሰል በይ፣ ካርድሽን አሳዪ። ደም ከወሰድሽ በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት ውስጥ ሽንትሽ እንደ ኮካ ከጠቆረ ወይ ትኩሳት ካለሽ እስኪነጋ አትጠብቂ።

አክስትሽ አሁንም አዲስ አበባ ሆና ደም ተሰጣት ሲሏት ለቅሶ ልትጀምር ነው፣ እዛ ደም የሚሰጠው አንድም ምጥ ሲጠና አንድም የመኪና አደጋ ሲደርስ ይመስላታል። እኔ ከአሶሳ እናትሽ ከሱዳን ሆነን የተገናኘን ነን፣ ሁለታችንም ተሸካሚ ነን፣ ደጋ ያደጉት ዘመዶቻችን ደግሞ በሽታውን ስሙን እንኳን አያውቁትም፣ አትፍረጂባት። ይልቅ ጓደኞችሽን በተለይ ጥቁሮቹን ደም ለግሱ በያቸው፣ የሚመሳሰልሽ ደም እነሱ ጋ ነው በብዛት የሚገኘው።

የመጀመሪያው ቀጠሮሽ ቀን ሲታወቅ ቴክስት አድርጊልኝ፣ ክላስ ካለሽም ፕሮፌሰሩን ቀድመሽ አናግሪው። እናትሽ ትስምሻለች።

አባትሽ