እማዬ፣ ስለ ስኳሩ ነገር

ውድ እማዬ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ደህና ነኝ። ከካዛንቺስ ፒያሳ ደብዳቤ መላኬ ይገርምሽ ይሆናል። ቤት ስመጣ ግን ቡና ይፈላል፣ ጎረቤት ይገባል፣ ጨዋታው ወደ ሌላ ይሄዳል። ይህ ነገር ደግሞ በእንጥልጥል እንዲቀር አልፈልግም። መነጽርሽን አድርጊና ተረጋግተሽ አንብቢልኝ።

የሦስት ወር ስኳር ምርመራሽ 6.2 ሆኖ ሲመጣ፣ "ምን ይደረጋል? የእናቴ ነው፣ በዘር የመጣ ነው" ብለሽ ወረቀቱን አጥፈሽ ቦርሳሽ ውስጥ ከተትሽው። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ያ "ምን ይደረጋል" ነው። በዚህ ምርመራ ከ5.7 በታች ጤነኛ ነው። ከ6.5 ጀምሮ ስኳር ይባላል። አንቺ መሃል ላይ ነሽ፤ ሐኪሞች ቅድመ ስኳር የሚሉት ቦታ። እዚያ ላይ ያለ ሰው ገና መመለስ ይችላል።

በዘር ነው ማለትሽ ልክ ነው። ከወላጆቹ አንዱ ሁለተኛው ዓይነት ስኳር ያለበት ሰው፣ በዕድሜ ዘመኑ የመያዝ ዕድሉ 40 በመቶ ገደማ እንደሆነ ይነገራል። ቀላል አይደለም። ግን እስቲ ከሌላው ወገን እዪው። እንደነዚህ ካሉ 10 ልጆች 6ቱ አይያዙም ማለት ነው። ከእናት የሚወረሰው ዝንባሌው ነው። በሽታው የሚነሳው ዝንባሌው ከምግቡና ከአኗኗሩ ጋር ሲገጥም ነው።

በ2006 እ.ኤ.አ. የአይስላንድ ተመራማሪዎች ከስኳር በሽታ ጋር የተያያዘ ቲሲኤፍ7ኤል2 የሚባል ጂን፣ ማለትም ከወላጅ የሚወረስ የዘር ቅንጣት፣ አገኙ። የዚህ ጂን አንዱ ዓይነት ያለበት ሰው ቆሽቱ ኢንሱሊንን፣ ማለትም ስኳርን ከደም ወደ ሰውነት የሚያስገባውን ንጥረ ነገር፣ በማውጣት ደከም ይላል። ያ ሰው ምስርና ጎመን ሲበላ ስኳሩ ወደ ደም የሚገባው ቀስ እያለ ስለሆነ ቆሽቱ ይደርስበታል። ነጭ ዳቦ በጣፋጭ ሻይ ሲሆን ግን ባንዴ ይጎርፋል፤ ቆሽቱም አይችለውም። ጂኑ ያው ነው። የተለየው ገበታው ነው። አንቺ ይኑርሽ አይኑርሽ አናውቅም፣ ማወቁም የግድ አይደለም። ለስኳር መንገድ የሚከፍቱ የዘር ልዩነቶች በመቶዎች የሚቆጠሩ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ጥቂት ጥቂት ይጨምራሉ። ስለዚህ ገንዘብ ከፍለሽ የዘር ምርመራ አድርጊ አልልሽም። እናትሽን እማማን አስታመናል፣ ያ ይበቃናል።

አሁን ደግሞ በጣም እንድታምኚልኝ የምፈልገውን ልንገርሽ። አሜሪካ ውስጥ አንቺ ያለሽበት ደረጃ ላይ የነበሩ ከ3,200 በላይ ሰዎች ተጠኑ። ውጤቱ የወጣው በ2002 እ.ኤ.አ. ነው። አንዱ ቡድን አመጋገቡን አስተካከለ፣ በሳምንት 150 ደቂቃ ተራመደ፣ ክብደቱንም ቀነሰ። ሌላው ሜትፎርሚን የሚባለውን ኪኒን ወሰደ። በኪኒኑ በስኳር የመያዝ ዕድሉ በ31 በመቶ ቀነሰ። በምግብና በእርምጃው ግን በ58 በመቶ። ዕድሜያቸው ከ60 በላይ የሆኑት ደግሞ ከሁሉም በለጡ፣ 71 በመቶ! "እኔ አሁን አርጅቼ" የምትዪው ነገር እዚህ ላይ አይሠራም። በኋላ ተመራማሪዎቹ የእነዚሁኑ ሰዎች ዘር ሲመረምሩ፣ ያ የነገርኩሽ ጂን አኗኗራቸውን ባልለወጡት ላይ በደንብ ጎልቶ ታየ። በለወጡት ላይ ግን ልዩነቱ ከሞላ ጎደል ጠፋ። እኔ ይህን ካነበብኩ በኋላ "በዘር ነው" የሚለው ቃል እንደ ፍርድ መሰማቱን ተወኝ።

እነዚያ ሰዎች ወፈር ያሉ ነበሩ፣ አንቺ ደግሞ ቀጭን ነሽ። "እኔን ደሞ ስኳር ከየት ያገኘኛል" የምትዪውም ለዚህ ነው። ለዚህ ከራሳችን አገር ሰዎች የሚቀርብ የለም። ግንቦት 1983 ዓ.ም. ትዝ ይልሻል፤ ደርግ ሊወድቅ ቀናት ሲቀሩት ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤላውያን በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል በአውሮፕላን ተወሰዱ። ቀደም ብለውም በሱዳን በኩል የሄዱ ነበሩ። ብዙዎቹ የጎንደር ገጠር ሰዎች ናቸው። ጤፍና ጥራጥሬ የሚበሉ፣ ቀኑን ሙሉ በእግራቸው የሚሄዱ። ስኳር በመካከላቸው እምብዛም አልነበረም። እዚያ ነጭ ዳቦው፣ ለስላሳው፣ ቁጭ ብሎ መዋሉ መጣ። ዓመታት ሲያልፉ የእስራኤል ሐኪሞች በሽታው ሲያሻቅብ አዩ፤ ያውም ወፍራም ባልሆኑት ላይ ጭምር። ደማቸው አልተለወጠም። አውሮፕላን የተሳፈረ ሰው ጂኑን ለውጦ አይወርድም።

እማማም እኮ ስኳር የጀመራት እኛ ጋ መጥታ ከተቀመጠች በኋላ ነው። ታናሽ እህቷ አገር ቤት ቀርታ እስከ መጨረሻው በእግሯ ገበያ ትሄድ ነበር፤ እሷን አልያዛትም። አንድ ቤተሰብ ማስረጃ አይሆንም፣ አውቃለሁ። ግን እዪው እስቲ።

አንድ ሌላ ነገርም አለ። እማማ አንቺን ያረገዘችው በክፉ ቀን እንደነበር ነግራኛለች። ከ1944 እስከ 1945 እ.ኤ.አ. በነበረው ክረምት በኔዘርላንድ በጦርነቱ ምክንያት ከባድ ረሃብ ነበር። ያኔ በማሕፀን የነበሩት ልጆች 50 ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ሲመረመሩ፣ ሰውነታቸው ስኳርን የመቆጣጠር አቅሙ ከሌሎቹ ደከም ብሎ ተገኘ። ከ60 ዓመት በኋላ ደግሞ ጂኖቻቸው ላይ ያረፈ የኬሚካል ምልክት ታየ። ጂኑን አይለውጠውም፤ ምን ያህል እንደሚሠራ ግን ይወስናል። ጠግቦ ለመኖር ሳይሆን ተርቦ ለመትረፍ የተዘጋጀ ሰውነት ጥጋብ ይከብደዋል። አንቺም እንደዚያ ትሆኚ ይሆናል። ስለዚህ ስኳርሽ ከፍ ያለው በሆዳምነት ነው ብሎ ማንም እንዲያሳፍርሽ አልፈቅድም።

ወደ ቤታችን ልምጣ። ጾሙን ተዪ አልልሽም፣ በፍጹም። ምስሩ፣ ሽሮው፣ ጎመኑ፣ ተልባው ለአንቺ ከመድኃኒት አይተናነስም። እኔን የሚያሳስበኝ ከቅዳሴ ስትመለሺ የሚቀርበው ትሪ ነው። መሃሉ ላይ የጾም ፓስታ። በአንድ ጎኑ ሩዝ፣ በሌላው ድንች ወጥ። ጥጉ ላይ ጭልፋ የማትሞላ ጎመን። ከጎኑ ዳቦ፣ ከዚያ ሦስት ማንኪያ ስኳር ያለው ሻይ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆኖ የቆየ ሆድ ይህን ሁሉ ባንዴ ይቀበላል። ፓስታውና ሩዙ ይውጡ። ጎመኑና ምስሩ መሃል ይግቡ፣ በነሱም ጀምሪ። እንጀራውን አልከለክልሽም፣ ግማሹ ይበቃሻል። ሻዩን በቅርንፉድና በቀረፋ ብቻ ልመጂው። ማርም ያው ስኳር ነው፣ "ተፈጥሮ ነው" ብለሽ አትታለዪ። ስፕሪሱም እንደዚሁ፣ በተለይ ስኳር ጨምረው ሲያመጡልሽ። የሚረጋውን የፓልም ዘይት እንተወው፤ ግማሹ ለልብ የማይበጅ ስብ ነው። የኑግ ወይም የሱፍ ዘይት እኔ እገዛለሁ።

ከበላሽ በኋላ ደግሞ አትተኚ። ከጊዮርጊስ ወደ አራት ኪሎ የሚወስደው የእግረኛ መንገድ አሁን ሰፊ ነው፣ ማረፊያም አለው። ቀስ ብለሽ 15 ደቂቃ ሂጂ። የሚሠራ ጡንቻ ኢንሱሊን ብዙ ሳይጠብቅ ከደም ላይ ስኳር ይወስዳል። ለደከመ ቆሽት ከዚህ የበለጠ እገዛ የለም።

"ለእኔ ብቻ ተብሎ ቤቱ ሁሉ ይቸገር?" እንደምትዪ አውቃለሁ። ለአንቺ ብቻ አይደለም እማዬ። ከእማማ ወደ አንቺ የመጣው ወደ እኔም መጥቶ ይሆናል፣ ወደ ልጄም። ለብቻሽ ድስት አይጣድም፤ ሁላችንም ያንኑ እንበላለን። እኔም ከሥራ መልስ ማኪያቶዬን ያለ ስኳር መጠጣት ጀምሬያለሁ። ልጅሽን ማሳደግ የምታውቂው አንቺ ነሽና፣ የልጅ ልጅሽ ለስላሳ ሲጠይቅሽ እባክሽ ጨክኚልኝ።

የሚቀጥለው ምርመራ ጥምቀት እንዳለፈ ነው። የጠዋት ስኳርም ስለሚለኩ ከማታ ጀምሮ ከውኃ በቀር ምንም አትቅመሺ። የግፊት መድኃኒትሽን በዚያ ጠዋት መውሰድ አለመውሰድሽን ቀድሜ ሐኪሙን ጠይቄ እደውልልሻለሁ። አንድ ሰዓት ላይ በር ላይ ጠብቂኝ፣ አብረን እንሄዳለን።

ልጅሽ