ግፊቱ ሲወርድ ፓምፑን ከመንካታችሁ በፊት

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ሰሞኑን ከቄራዎችና ከወተት ማቀነባበሪያዎች «ማጠቢያው ደክሟል፤ ግፊት ጨምሩልን» የሚል ጥሪ በዝቶብናል። አብዛኛውን ጊዜ ግን የደከመው ፓምፑ አይደለም። ስለዚህ አሠራሩን ልናስረዳችሁ ወደድን።

በማዕከላዊ ማጠቢያ ፓምፑ ያለው በአንድ ክፍል ነው። ውሃው ከታንከር ተነሥቶ በፊልተር ያልፋል፤ ፓምፑ እስከ 25 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ገፍቶ በማይዝግ ብረት ቧንቧ ወደየአዳራሹ ይልከዋል። ሠራተኛው ጎማውን ግድግዳው ላይ ካለው መውጫ ሰክቶ ያጥባል። አንድ ሰው ሲከፍት ኢንቨርተሩ (የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠረው መሣሪያ) ሞተሩን በዝግታ ያዞረዋል፤ ሌላ ሲጨመር ያፈጥነዋል፤ ሁሉም ሲዘጉ ያቆመዋል። ታንከሩን መሃል ያስገባነው የከተማው መስመር ሲቋረጥ የማጠቢያው ውሃ ወደ መጠጥ ውሃ ተመልሶ እንዳይሳብ ነው። እባካችሁ ታንከሩን አልፋችሁ በቀጥታ አታገናኙት።

በቅርቡ አንድ ቄራ ጠርቶን ሄድን። ሁሉም መርጫዎች ተከፍተው ጌጁ (የግፊት ማሳያው) 17 ባር ላይ ቆሟል። ፓምፑን አልፈታንም። ኖዝሎቹን (ውሃው የሚወጣባቸውን የመርጫ ጫፎች) አውጥተን ከአዲስ ጋር ጎን ለጎን ስናያቸው ቀዳዳቸው በአሸዋ ተበልቶ ሰፍቷል። ቀዳዳው በዲያሜትር 10 በመቶ ብቻ ቢሰፋ ውሃ ማሳለፊያው 21 በመቶ ያድጋል። ባለ ፒስተን ፓምፕ ሙሉ ፍጥነቱ ላይ ከደረሰ ደግሞ ከዚያ በላይ ውሃ አያወጣም፤ ስለዚህ ግፊቱ በሲሶ ገደማ ይወርዳል። 25 የነበረው 17 የሆነው በዚህ ነው። ኖዝሎቹን ቀየርን፤ ጌጁ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ግፊት መጨመርን እኛ አንመክርም። ከልክ ያለፈ ግፊት ቆሻሻውን በጉም መልክ አንሥቶ ቀድሞ በታጠበው ጠረጴዛ ላይ ያሳርፈዋል፤ ጀርሙም አብሮ ይሄዳል። ለደም የሚበጀው ሙቀቱን ማወቅ ነው። በጣም የሞቀ ውሃ ደሙን ያበስለዋል፤ እንቁላል ድስት ላይ እንደሚይዘው ብረቱን ይዞ ይቀራል። መጀመሪያ ለብ ባለ ውሃ አለቅልቁት፤ ከዚያ የማጠቢያ ሳሙናውን አረፋ ከታች ወደ ላይ ቀቡ፣ ሳይደርቅ ጥቂት ደቂቃ አቆዩት፣ ከላይ ወደ ታች እጠቡት። ጅረቱን ወደ ሰው ወይም ወደ ኤሌክትሪክ ሳጥን በፍጹም አታዙሩ፤ ቆዳ ይበሳል።

ከመደወላችሁ በፊት ፊልተሩን አጽዱና ሁሉም ተከፍተው ጌጁ ስንት እንደሚያሳይ ጽፋችሁ ላኩልን። የኖዝል መለኪያችንን ይዘን እንመጣለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የጥገና ክፍል