የውሃው መውረጃ ሳይታወቅ የግንባታ ፈቃድ አይሰጥ

ለድሬዳዋ አስተዳደር የግንባታ ፈቃድ ኃላፊዎች

ክቡራን፣

ጥያቄዬ አንድ ነው። በከተማችን ማንኛውም ግንባታ ፈቃድ ከማግኘቱ በፊት የመሬቱ ከፍታና ተዳፋት፣ የዝናብ ውሃውም መውረጃ በፕላን ላይ ይታይ፤ ያ ካልታየ ፈቃዱ ይቆይ። ባለ አንድ ክፍል ቤትም ሆነ ትልቅ መጋዘን ከዚህ ነጻ መሆን የለበትም።

ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት በከተማችን መካከል የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ ያደረሰውን ጥፋት ማስታወስ አያሻኝም። በአንድ ሌሊት ከ200 በላይ ወገኖቻችንን አጥተናል። ያ ጎርፍ በዋናነት ከደንገጎ በኩል ካለው ደጋ የወረደ ስለሆነ የግንባታ ፈቃድ ብቻውን ያቆመዋል ብዬ አልከራከርም፤ ለእርሱ የላይኛው ተፋሰስ እንክብካቤና የወንዝ ዳር ግንብ ያስፈልጋል። ነገር ግን ከተማው ራሱ የሚፈጥረው ጎርፍም አለ። ይህኛው በእናንተ ማኅተም ሥር ያለ ጉዳይ ነው።

200 ካሬ ሜትር ቦታ ሙሉ በሙሉ በጣሪያና በሊሾ ቢሸፈንና 40 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥልበት 8,000 ሊትር ውሃ ይወጣዋል፤ በትልቁ በርሜል ሲሰፈር 40 በርሜል ማለት ነው። ግቢው አሸዋና አፈር በነበረበት ዘመን ከፊሉ ወደ መሬት ይሰርግ ነበር። አሁን ግን ባለቤቱ ግቢውን በሲሚንቶ ይደፍንና ውሃውን በአጥሩ ሥር ወደ መንገድ ይለቀዋል። መቶ ቤት እንዲህ ሲያደርግ 4,000 በርሜል ውሃ በአንድ ጊዜ የኮብልስቶኑን መንገድ ተከትሎ ቁልቁል ይወርዳል። ታች ያለው ነዋሪ ደግሞ ራሱን ለማዳን ግቢውን በአፈር ሞልቶ ከፍ ያደርጋል፤ ውሃው ወደ ጎረቤቱ ይዞራል። ይህን ሰውየው በክፋት አላደረገውም። የወለሉን ከፍታ ከመንገዱ ከፍታ ጋር አስተያይቶ የሚነግረው ባለሙያ ስላላገኘ ነው።

በሙያዬ ካየኋቸው ፕላኖች ብዙዎቹ ውሃውን ከጣሪያ እስከ አጥር ድረስ ብቻ ይከተሉታል። ከአጥሩ ወዲያ ያለው ባዶ ወረቀት ነው።

በአሜሪካ አሪዞና ግዛት የምትገኘው ፊኒክስ ዓመታዊ ዝናቧ 200 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ የበረሃ ከተማ ናት፤ ከእኛ በብዙ ያንሳል። ሆኖም እዚያ አዲስ ልማት በመቶ ዓመት አንዴ የሚጠበቀውን የሁለት ሰዓት ዝናብ በራሱ ቦታ እንዲይዝ፣ የያዘውንም በ36 ሰዓት ውስጥ እንዲያስርግ ወይም እንዲያፈስ ይጠየቃል። በአገሪቱ ሕግ ደግሞ 1 ኤከር፣ ማለትም 4,000 ካሬ ሜትር ገደማ፣ ወይም ከዚያ በላይ መሬት የሚያንቀሳቅስ ግንባታ ደለሉ ከቦታው እንዳይወጣ መከላከያ ማዘጋጀት አለበት። ዝናብ ብርቅ በሆነበት አገር ይህን ያህል መጠንቀቅ ምክንያት አለው፦ ደረቅና የተጋገረ መሬት ድንገተኛ ዶፍን ቶሎ አይመጥም። የእነርሱ ቁጥር እንዳለ ይገልበጥ አልልም፤ የእኛ መለኪያ በድሬዳዋ የተመዘገበው የበልግና የክረምት ዝናብ ይሁን።

ከሁሉ አስቀድሞ የምለምናችሁ ከፍታን ነው። አዲስ ሰፈር ሲሸነሸን የመንገዱ የመጨረሻ ከፍታ በቀያሽ ይወሰንና ለእያንዳንዱ ባለይዞታ ከቦታው ካርታ ጋር በቁጥር ይሰጠው። አሁን ሰው ቤቱን ሠርቶ ከጨረሰ በኋላ መንገዱ ይመጣና ከደጃፉ በላይ ይነጠፋል። መሠረቱ ከመሞላቱ በፊትም አንድ ባለሙያ ቦታው ድረስ ሄዶ ይለካ፤ ግንቡ ከቆመ በኋላ የሚደረግ ቁጥጥር ባለቤቱን ከማስለቀስ በቀር ጥቅም የለውም።

ከቁፋሮ የሚወጣው አፈር የሚደፋበት ቦታም በፈቃዱ ላይ ይጻፍ። በደረቁ ወንዝ ውስጥ የተደፋ አንድ ገልባጭ መኪና አፈር ከላይ ለሚመጣው ውሃ መንገዱን ያጠብበታል።

ወጪው አቅመ ደካማውን እንዳይጎዳ እሰጋለሁ፤ እውነተኛ ስጋት ነው። ለአነስተኛ ቤቶች ጽሕፈት ቤታችሁ አንድ ወጥ ንድፍ አዘጋጅቶ በነጻ ቢሰጥ ይቀልላል፦ የግቢው ተዳፋት፣ ያልተደፈነ መሬት፣ ጠጠር የተሞላ ማስረጊያ ጉድጓድ። የምንጠጣው የሳቢያን ጉድጓዶች ውሃ ከመሬት ሥር የሚቀዳ ነውና የሰረገው ዝናብ ይጠቅመናል። ብቻ ማስረጊያው ከመጸዳጃ ጉድጓድ ይራቅ፤ አለዚያ የመጸዳጃው ቆሻሻ ወደምንጠጣው ውሃ ሊሰርግ ይችላል።

ይህ ሁሉ ነገ እንደማይፈጸም አውቃለሁ። የመንገድ ከፍታውን በካርታ መስጠትና መሠረት ሳይሞላ መለካት ግን ቀያሽና መኪና እንጂ ሌላ ብዙ ነገር አይጠይቁም። እነዚህን ሁለቱን ከሚቀጥለው ክረምት በፊት ትጀምሩ እንደሆነ፣ ካልጀመራችሁም ያገዳችሁን ነገር፣ በማስታወቂያ ሰሌዳችሁ ላይ ለነዋሪው እንድታሳውቁን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንድ የድሬዳዋ ተወላጅ መሐንዲስ