ወደ ቁፋሮ ለሚሄዱ በጎ ፈቃደኞች

ክቡር አዘጋጅ፣

ክረምት አልፎ የአርኪዮሎጂ ቁፋሮ ወቅት ሲቃረብ፣ በዚህ በባሕር ዳር ያሉ የቀድሞ ተማሪዎቼ በበጎ ፈቃድ ለማገልገል ሲዘጋጁ ምን እንደሚጠብቃቸው ይጠይቁኛል። እኔ ከጥቂት ዓመታት በፊት በጣና ሰሜናዊ ዳርቻ በተካሄደ አንድ ቁፋሮ ላይ ሦስት ሳምንት ያገለገልሁ ጡረተኛ የታሪክ መምህር ነኝ። ያን ጊዜ የጠራኝ ክፍል ሳይነግረኝ የቀረውን ሌሎች አስቀድመው ቢያውቁት ይበጃል ብዬ ይህን ጽፌአለሁ።

አልደብቅም፣ የሄድሁት ከአፄ ሱስንዮስ ዘመን የቀረ አንድ ዕቃ በእጄ ይወጣ ይሆናል በሚል ተስፋ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ያሳለፍሁት ግን ካስማ በመትከል፣ ሲባጎ በመወጠርና ቦታውን አንድ ሜትር በአንድ ሜትር እየለኩ በመከፋፈል ነው። ከዚያም በኋላ ቢሆን ዶማ የሚነሣው ከስንት አንዴ ነው፤ አፈሩ በግንበኛ ማንኪያና በብሩሽ በ5 ወይም በ10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት እየተገፈፈ በወንፊት ይነፋል፤ የተገኘው ገል፣ ባልጩት ወይም አጥንትም ከየትኛው ክፍልና ከምን ያህል ጥልቀት እንደወጣ ተጽፎበት በየከረጢቱ ይገባል። ጽሑፉ የጠፋበት ገል ከጓሮ ከተለቀመ ስባሪ አይለይም። ከሰል ሲገኝ ደግሞ ዕድሜው በራዲዮካርቦን (በውስጡ በቀረው ጨረር አመንጪ ካርቦን መጠን) ስለሚለካ፣ እንዳይበከል በባዶ እጅ አይነካም። ከሰዓት በኋላ ገል ማጠብና መዝገብ መሙላት ይጠብቃል፣ ማታም የሐይቁ ዳር ትንኝ አለና አጎበር አይረሳ።

ወንፊት ያሰለቻል። ሆኖም በ1960ዎቹ ከጣና በስተምሥራቅ በሚገኘው የላሊበላ ዋሻ (የላስታው አይደለም) አርኪዮሎጂስቷ ጆአን ዶምብሮቭስኪ ባካሄዱት ቁፋሮ ከ2,000 ዓመት በላይ ያስቆጠረ ገብስና ሽምብራ መገኘቱን ለሚያውቅ ሰው፣ የጥንቱ ገበሬ ምን ያመርት እንደነበር የሚናገረው ወርቅ ሳይሆን ዓይን የማይሞላ ፍሬ ነው።

ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ ግን የቀን ሠራተኞቹ ጉዳይ ነው። በየቁፋሮው የሚሠሩት አብዛኞቹ በአካባቢው የሚኖሩ ገበሬዎች ሲሆኑ፣ በበጋ የሚያገኙት የቀን ክፍያ ለቤታቸው ትልቅ ነገር ነው። በነፃ የሚሠራ የከተማ ሰው በእነርሱ ቦታ ከገባ በጎነቱ የሌላውን እንጀራ ይሻማል። ዕውቀታቸውም ቢሆን አይናቅም፤ አንድ አዛውንት እኔ ዝም ብዬ የምጠርገውን አፈር ዳሰስ አድርገው «መምህር፣ ይህ አፈር የተነካ ነው፣ ድንግል አይደለም» አሉኝ። ስንከተለው በእርግጥም የቆየ የእህል ጉድጓድ ሆኖ ተገኘ።

አንዳንድ ወጣቶች በራሳቸው መቆፈር እንደሚችሉም ሲናገሩ እሰማለሁ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ መቆፈርን ይከለክላል፣ በአጋጣሚ የተገኘ ቅርስም ለሚመለከተው አካል እንዲገለጽ ያዝዛል፤ ስለዚህ ለማስታወሻ ተብላ ኪስ የምትገባ አንዲት ገል እንኳ ታስጠይቃለች።

በጎ ፈቃደኛ የሚጠሩ ተቋማት በማስታወቂያቸው ላይ የሥራውን ሰዓት፣ ምግብና መጓጓዣ በማን ወጪ እንደሚሸፈን፣ በተለይም የአካባቢው ሠራተኞች ቁጥር በበጎ ፈቃደኞቹ ምክንያት አለመቀነሱን እንዲገልጹ በጋዜጣችሁ በኩል እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛ የታሪክ መምህር፣ ከባሕር ዳር